ሦስት ሰው፣ ሦስት ትራክ፤ እባካችሁ አግዙኝ

ሰላም ለሁላችሁ። አያቴን፣ እናቴንና አክስቴን አንድ ላይ አስቀምጬ ስለ ሰርጋቸው አስወራኋቸው። 50 ደቂቃ ነው። ለእያንዳንዳቸው ኮሌታ ላይ የሚሰካ ማይክ አድርጌ ለየብቻ ቀዳሁ። አሁን ዳቪንቺ ሪዞልቭ በሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ላይ በሦስት ትራክ (ለየብቻ በተቀመጠ የድምፅ መስመር) ተቀምጧል።

ችግሩ፣ በጣም ተጠጋግተው ነው የተቀመጡት። አያቴ ስታወራ ድምጿ በእናቴም ማይክ ይገባል፣ ያውም ትንሽ ዘግይቶ። ሦስቱንም ስከፍት በርሜል ውስጥ የሚያወሩ ይመስላል። የማያወራውን ሰው ትራክ እየቆረጥኩ ሞከርኩ። ያኔ ደግሞ የክፍሉ ድምፅ ድንገት ጭጭ ይላል፤ ጆሮ ይረብሻል። ኖይዝ ጌት (ድምፅ ዝቅ ሲል ትራኩን በራሱ የሚዘጋ መሣሪያ) ስጠቀም የአያቴን ቃል መጀመሪያ ይበላዋል። እሷ ቀስ ብላ ነው የምታወራው። አንድም ቃሏ እንዲጠፋብኝ አልፈልግም።

ከመቁረጥ ይልቅ የማያወራውን ሰው ትራክ 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ባደርገው ይሻላል? ጌቱስ ጨርሶ ከሚዘጋ እንዲቀንስ ብቻ ማድረግ ይቻላል?

ሌላው፣ ሳል ቆርጬ ሳወጣ አንዱ ትራክ ብቻ ወደ ግራ ይሳብና ከምስሉ ጋር ይለያያል። ሦስቱንም ከቪዲዮው ጋር አስሬ እንዴት ልቁረጥ? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።