ዩራኒየም 235 እና 238፦ ኬሚስትሪያቸው አንድ ከሆነ በምን ይለያሉ?

የጠመኔ ብናኝ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ12ኛ ክፍል ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ትናንት አንዲት ተማሪዬ መልስ አሳጣችኝ። «መምህር፣ የአንድ ንጥረ ነገር አይሶቶፖች (በኒውትሮን ብዛት ብቻ የሚለያዩ አቶሞቹ) ኬሚካላዊ ባህርያቸው አንድ ነው ብለውናል። ታዲያ ዩራኒየም 235ን ከ238 የሚለዩት በምንድን ነው? ደግሞስ አንዱ ነዳጅ ሲሆን ሌላው ለምን አይሆንም?» ለሐሙስ ቀጥሬያታለሁ። በእጄ ያለው መጽሐፍ ከአቶሚክ ቁጥሩ 92ና «ፊሽን» (የአቶም እምብርት፣ ማለትም የኒውክለስ መሰንጠቅ) ከሚለው ቃል አያልፍም። በሰሌዳ ላይ ላሳያት በምችለው መልኩ እባካችሁ እርዱኝ።

ነጭ ጋዋን፦
መምህር፣ ጎበዝ ተማሪ አለችዎት። የመጀመሪያውን እኔ ልሞክር። ያስተማሯት ልክ ነው፤ ኬሚስትሪ የኤሌክትሮኖች ሥራ ነው፣ ሁለቱም 92 ኤሌክትሮን አላቸው። በአሲድ ቢያሟሟቸው፣ ከኦክስጅን ቢያዋህዷቸው እኩል ነው የሚሆኑት። የሚቀረው የክብደት ልዩነት ብቻ ነው።

ለዚህ ሲባል ዩራኒየሙ ከፍሎሪን ጋር ይዋሃድና ዩራኒየም ሄክሳፍሎራይድ ይሆናል። ይህ ውሁድ 56 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ሳይቀልጥ በቀጥታ ጋዝ ይሆናል። ሌላው ጥቅሙ፣ እኔን ሁሌም የሚደንቀኝ፣ ፍሎሪን በተፈጥሮ አንድ አይሶቶፕ ብቻ ያለው መሆኑ ነው። ስለዚህ አንዱ ሞለኪውል ከሌላው ከከበደ ምክንያቱ ዩራኒየሙ ብቻ ነው። ሰሌዳው ላይ እንዲህ ይጻፉላት፦

235 + (6 × 19) = 349
238 + (6 × 19) = 352

ልዩነቱ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ጋዙ ሴንትሪፉጅ ውስጥ በኃይል ሲሽከረከር ከባዱ ወደ ግድግዳው፣ ቀላሉ ወደ መሃል ያደላል። አንድ ዙር የሚለየው እጅግ ትንሽ ስለሆነ ከማሽን ወደ ማሽን እየተላለፈ ይደጋገማል። በተፈጥሮ 0.72 በመቶ የሆነው 235 በዚህ መንገድ ከ3 እስከ 5 በመቶ ሲደርስ ለአብዛኞቹ የኃይል ማመንጫዎች ይበቃል።

ፊዚክስ ወዳጅ፦
ሁለተኛውን ልውሰደው። 235 ውስጥ 143 ኒውትሮን አለ፤ ኢ-ተጋማሽ ነው፣ አንዱ ጥንድ የለውም። ከውጭ አንድ ሲገባ ጥንዱ ይሞላና ወደ 6.5 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት (የኃይል መለኪያ ነው) ይለቀቃል። ኒውክለሱን ለመሰንጠቅ ይህ በቂ ነው። 238 ግን 146 አለው፣ ሁሉም ተጣምረዋል። አዲሱ ኒውትሮን ብቻውን ስለሚቀር የሚለቀቀው 4.8 ሚሊዮን ያህል ነው፤ ለመሰንጠቅ ወደ 6 ሚሊዮን ስለሚያስፈልግ አይደርስም። ፈጣን ኒውትሮን ካልመታው በቀር ይውጠዋል እንጂ አይሰነጠቅም። የዋጠው ደግሞ በቀናት ውስጥ ፕሉቶኒየም 239 ይሆናል፣ እሱም ነዳጅ ነው። ስለዚህ «238 ጥቅም የለውም» አይበሏት።

የጠመኔ ብናኝ፦
እግዜር ይስጥልኝ! የጥንዱ ነገር ይገባታል። አንድ ልጨምር፦ የኒውክለስን ኃይል ከኬሚካል ኃይል ጋር የማነጻጽርበት ቁጥር አላችሁ? ሁሌ የሚጠቀሰው የድንጋይ ከሰል ነው፤ ልጆቹ አያውቁትም።

ነጭ ጋዋን፦
ዩራኒየሙን ራሱን «ያቃጥሉት»። ብናኙ አየር ሲነካው በራሱ ሊቀጣጠል የሚችል ብረት ነው። 1 ኪሎ ነዶ ኦክሳይድ ሲሆን 5 ሜጋጁል ያህል ይሰጣል። 1 ኪሎ ደረቅ እንጨት 15 ገደማ ስለሚሰጥ ዩራኒየም ለምድጃ ከእንጨት ያንሳል ማለት ነው! የ1 ኪሎ 235 ኒውክለሶች በሙሉ ቢሰነጠቁ ግን 80 ሚሊዮን ሜጋጁል ይወጣል፤ ከ5 ሺህ ቶን በላይ እንጨት።

የበረሃ ጂኦሎጂስት፦
አንድ ማረሚያ አለኝ። ዩራኒየም ካልበለፀገ (የ235 ድርሻው ከተፈጥሮው ካልጨመረ) ጭራሽ አይሠራም ብለው እንዳያስተምሩ። በታኅሣሥ 1942 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ የተሠራው የመጀመሪያው ሬአክተር (ኒውክለሶች በተከታታይ የሚሰነጠቁበት ምድጃ) ያልበለፀገ ዩራኒየምና ግራፋይት ነበር፤ ካናዳም በከባድ ውሃ (ሃይድሮጅኑ ከባዱ አይሶቶፕ በሆነ ውሃ) ያልበለፀገውን ትጠቀማለች።

ለዚያች ልጅ ደግሞ የቤት ሥራ ይስጧት። ጋቦን ውስጥ ኦክሎ በተባለ ቦታ፣ ከ2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ማዕድኑ መሬት ውስጥ በራሱ እንደ ሬአክተር ሠርቷል። የተደረሰበት በ1972 እ.ኤ.አ. ነው፤ የ235 መጠን ከተለመደው አንሶ ሲገኝ። የ235 ግማሽ ዕድሜ (ግማሹ በጨረራ ለመጥፋት የሚፈጅበት ጊዜ) 704 ሚሊዮን፣ የ238 ደግሞ 4.47 ቢሊዮን ዓመት ነው። ከዛሬው 0.72 ተነስታ ወደ ኋላ ታስላ። 3.7 በመቶ አካባቢ ከደረሰች ልክ ናት፤ እህታችን ነጭ ጋዋን ከላይ ለማመንጫ ይበቃል ካለችው መጠን ውስጥ ማለት ነው።