እንጀራዬ ዓይን አላወጣ አለኝ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ከተጋባን አምስት ወራችን ነው። ቅዳሜ ጓደኞቻችን ለምሳ ይመጣሉ፤ እኔ ደግሞ እንጀራ አስቸገረኝ። ንጹህ ጤፍ ነው። በእርሾ አቡክቼ ሦስት ቀን አቆየሁት፤ ያቀረረውን ውሃ ደፍቼ አብሲት ጣልኩበት። ምጣዱንም በጎመን ዘር አሰስኩት። ግን ዳር ዳሩ ብቻ ዓይን ያወጣል፤ መሃሉ ድፍን ብሎ ይቀራል፣ ሲነሳም ይቀደዳል።

ሐምሌ ነው፣ ቤቱ ይቀዘቅዛል። ድመታችን እንኳ ሙቀት ፍለጋ ምጣዱ ሥር ነው የምትተኛው። ሊጡ በደንብ ኩፍ ሳይል እየጋገርኩት ይሆን? ወይስ አብሲቱ አንሶ ነው? ለሁለት ኪሎ ዱቄት ስንት ጭልፋ ሊጥ ለአብሲት ታወጣላችሁ?

ባለቤቴ «አትጨነቂ፣ ከሱቅ እንገዛለን» ይለኛል። አሳቢነቱ ደስ ይለኛል። ግን ዶሮውን ሠርቼ በተገዛ እንጀራ ማቅረብ አልፈልግም። የምታውቁ እናቶችና እህቶች፣ እስከ ሐሙስ ብትነግሩኝ ዓርብ ማታ እጋግራለሁ።