ስቱዲዮ ያስቀዳነውን ድምፅ የቢሮው ስልክ አልቀበልም አለኝ፤ ምን ላድርግ?

የክሊኒክ አስተዳደር (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው አዲስ አበባ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ነው። የሥራ መደቤ አስተዳደር ቢሆንም ገመድና ኮምፒውተር ያለበት ነገር ሁሉ እኔ ላይ ነው የሚወድቀው። ስልካችን ግራንድስትሪም ዩሲኤም በሚባል የቢሮ ስልክ ማዞሪያ ነው የሚሠራው፤ የገጠመልን ልጅ አሁን አገር ውስጥ የለም። እስካሁን ለደዋይ የሚሰማው እኔ ራሴ የቀዳሁት ድምፅ ነበር፤ ከኋላዬ የሚኒባስ ጥሩምባ ሳይቀር ይሰማል። አለቃዬ አፈሩና በባለሙያ አስቀዱ፦ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ ከሥሩ ለስለስ ያለ ሙዚቃ ያለበት። በኮምፒውተር ስሰማው እንደ ሬዲዮ ማስታወቂያ ያምራል። ማዞሪያው ላይ ልጭነው ስል ግን አልቀበልም ይለኛል። የአማርኛው ፋይል ዋቭ ነው፣ 40 ሴኮንድ ይሆናል፣ መጠኑ ወደ 11.5 ሜጋባይት። ስሙን «መግቢያ አማርኛ» ብዬዋለሁ። መሣሪያው ነው የተበላሸው ወይስ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት? እባካችሁ እስከ ሰኞ ማድረስ አለብኝ።

ኔትወርክ ሠራተኛ፦
እህቴ፣ መሣሪያው ደህና ነው። ከነገርሽን መጠን ብቻ ፋይሉ ምን እንደሆነ ይታወቃል። 48,000 ኸርዝ (በሴኮንድ 48,000 ናሙና)፣ 24 ቢት (የአንዱ ናሙና መጠን)፣ ስቴሪዮ (ባለ ሁለት ቻናል) ከሆነ በሴኮንድ 288,000 ባይት ይበላል፤ በ40 ሲባዛ ያልሽው 11.5 ሜጋባይት ይመጣል። ይህ ለሙዚቃና ለቪዲዮ የሚሠራበት ነው። ዩሲኤም የሚቀበለው ከ5 ሜጋባይት ያነሰ ፋይል ነው፤ ዋቭ ከሆነ ደግሞ 8,000 ኸርዝ፣ 16 ቢት፣ ሞኖ (ባለ አንድ ቻናል)፣ ፒሲኤም (ያልተጨመቀ) መሆን አለበት። እንደዚያ ሲሆን የአንቺ 40 ሴኮንድ 0.64 ሜጋባይት ብቻ ይሆናል።

ስሙንም ቀይሪው። በላቲን ፊደልና በቁጥር ብቻ ጻፊው፤ ባዶ ቦታ አታስገቢ፣ ከፈለግሽ የሥር ሰረዝ ተጠቀሚ። የአማርኛ ፊደልና ክፍት ቦታ ብዙ ማዞሪያዎችን ያስቸግራል።

ፈጣን መፍትሔ፦
ይሄን ያህል ምን አስጨነቃችሁ? ወደ ኤምፒስሪ ቀይረሽ ጫኚው፣ ዩሲኤም ይቀበላል። እኛ ቢሮ እንደዚያ ነው ያደረግነው።

የስቱዲዮ ልጅ፦
መቀበሉንስ ይቀበላል። ግን ኤምፒስሪ ሲሆን አንዴ ይጨመቃል፣ ማዞሪያው ወደ ስልክ መስመር ሲልከው ሌላ ጊዜ ይጨመቃል፤ ሁለቴ የታጠበ ልብስ ሳይሆን ሁለቴ የተቀቀለ ድንች ነው የሚሆነው። ዋናው ዋቭ እጇ ላይ እያለ ለምን?

በኦዳሲቲ (የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ነው፣ ነፃ ነው) እንዲህ አድርጊ። ፋይሉን ክፈቺ። ከ«ትራክስ» ሜኑ ወደ ሞኖ ቀላቅዪው። ከ«ኢፌክት» ሃይ ፓስ ፊልተርን ወስደሽ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ቁረጪ፤ ስልክ እሱን አያስተላልፍም፣ ጉርምርምታ ብቻ ነው የሚጨምረው። ከዚያ ኖርማላይዝን (የድምፁን ከፍታ ማስተካከያ) ወደ -3 ዴሲቤል አድርጊ። መጨረሻ ላይ «ኤክስፖርት» ስትዪ ዋቭ፣ ሞኖ፣ 8,000፣ «ሳይንድ 16 ቢት ፒሲኤም» ምረጪ። ዋናውን ፋይል ግን አትንኪው፣ ለብቻው አስቀምጪው። አንዴ ወደ 8,000 የወረደ ድምፅ ተመልሶ አይወጣም።

የክሊኒክ አስተዳደር (ጠያቂ)፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ተጫነ! ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ስደውል አሁንም የሚሰማው የድሮው የእኔ ድምፅ ነው። ሁለተኛ፣ የጫንኩትን በኮምፒውተር ስሰማው ሴትየዋ አፏ ላይ ነጠላ ተከናንባ የምታወራ ይመስላል። ያን ያህል ብር ተከፍሎበት!

ኔትወርክ ሠራተኛ፦
የመጀመሪያው ቀላል ነው። «ቮይስ ፕሮምፕት» ውስጥ መጫን ማለት ዕቃ ክፍል ማስገባት ማለት ነው፤ ማን እንደሚጠቀምበት ገና አልነገርሽውም። «ኮል ፊቸርስ» ውስጥ «አይቪአር» (ለደዋዩ «1ን ይጫኑ፣ 2ን ይጫኑ» የሚለው ሜኑ) ግቢ፣ ሜኑሽን ክፈቺ፣ «ዌልካም ፕሮምፕት» በሚለው ቦታ አዲሱን ምረጪና አስቀምጪ። ከዚያ ከላይ የሚመጣውን «አፕላይ ቼንጅስ» ተጫኚ። እሱን ሳይጫኑ ወጥተው ግማሽ ቀን የሚደናገሩ ሰዎች አይቻለሁ፤ አንዱ እኔ ነኝ።

የስቱዲዮ ልጅ፦
የመታፈኑ ነገር በከፊል የስልክ ተፈጥሮ ነው። የተለመደው የስልክ መስመር የሚያስተላልፈው በግምት ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ነው። በሴኮንድ 8,000 ናሙና ሲወሰድ ከ4,000 ኸርዝ በላይ ያለው ሁሉ ይቀራል። የ«ሰ» እና የ«ፈ» ፉጨት ያለው ደግሞ አብዛኛው እዚያ ላይ ነው፤ ስም በስልክ ስናስመዘግብ ሁለቱ የሚምታቱት ለዚህ ነው። ስለዚህ በኮምፒውተር ስፒከር አትፍረጂበት፣ በሞባይል ደውለሽ ስሚው።

ሙዚቃውን ግን አስወጪው። ለሰው ድምፅ ብቻ ተብሎ የተሠራ ጠባብ ኮዴክ (ድምፅን ለመላክ የሚጨምቅ ዘዴ)፣ ለምሳሌ በሴኮንድ 8 ኪሎቢት የሚልከው ጂ729፣ ክራር ቢሰጡት ውኃ ውስጥ እንደሚንቦጫረቅ አድርጎ ነው የሚያወጣው። ስቱዲዮውን «ሙዚቃ የሌለበት ደረቅ ድምፅ ስጡኝ» በያቸው። ለየብቻ ነው የሚቀዳው፣ መኖሩ አይቀርም። ጥሩ ሠሪ ከሆኑ ሳይጠየቁም «ለስልክ ነው?» ማለት ነበረባቸው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኔ እዚህ አሜሪካ የሐበሻ ቢሮዎችን ስልክ እገጥማለሁ፣ አብዛኛው ፍሪፒቢኤክስ የሚባል ሌላ ማዞሪያ ነው። እሱም ያው 8,000፣ 16 ቢት፣ ሞኖ ነው የሚወደው። አንድ ልጨምር፦ ስቱዲዮው «የስልክ ፎርማት አድርገን እንላክልሽ?» ካለ ዩ-ሎው እና ኤ-ሎው የሚባሉ ሁለት የስልክ ድምፅ መጭመቂያ ዓይነቶች አሉ። ዩ-ሎው የሰሜን አሜሪካና የጃፓን ነው፤ ኢትዮጵያን ጨምሮ ሌላው ዓለም ባብዛኛው ኤ-ሎው ነው። ተራውን ፒሲኤም ዋቭ ከጠየቅሽ ግን ከዚህ ጣጣ ትድኛለሽ፣ ቅየራውን ማዞሪያው ራሱ ይሠራዋል።

ሌላው፣ 40 ሴኮንድ በጣም ረጅም ነው። ጥርሱን የሚያመው ሰው ታሪካችሁን አያዳምጥም። ቆራርጪው፦ ሰላምታና የቋንቋ ምርጫ አንድ ፋይል፣ የአማርኛው ሜኑ አንድ፣ የኦሮምኛው አንድ፣ «አሁን ዝግ ነን» አንድ። ነገ አንድ ነገር ሲቀየር ያችን ብቻ ነው የምታስቀዱት። የሐኪም ስምም ከውስጡ አውጪ፤ ሐኪሙ ሥራ የለቀቀ ዕለት ድምፁም አብሮ ይሞታል።

የጉምሩክ አስተላላፊ ቢሮ፦
ስለ «ዝግ ነን» ከተነሳ የእኔን ስሙ። የሥራ ሰዓታችን ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 11፡30 ነው፤ እኔም ማዞሪያው ላይ እንደወረደ 2፡30 እና 11፡30 ብዬ ሞላሁት። ማሽኑ በፈረንጅ ሰዓት ነዋ የሚያስበው። ከቀኑ 5፡30 በኋላ የደወለ ደንበኛ ሁሉ «ቢሮ ተዘግቷል» እየተባለ ሁለት ሳምንት አለፈ። ሌሊት 9 ሰዓት የደወለ ግን በክብር ይስተናገድ ነበር። «ኦፊስ ታይም» ላይ 8፡30 እና 17፡30 ብለሽ ሙዪ፤ የሰዓት ክልሉም (ታይም ዞን) ፕላስ 3 መሆኑን እዪ።

በዓላትም እንደዚያው ናቸው። አዲስ ዓመት በየዓመቱ ሴፕቴምበር 11 ብለሽ ከዘጋሽው አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው፤ ግን መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነበር፣ መስከረም 1 ቀን 2020ም እንደዚያው ነው። ጳጉሜን 6 ስትሆን ቀኑ በአንድ ይገፋል። ፋሲካና ኢዶቹ ደግሞ ጭራሽ ቋሚ ቀን የላቸውም፣ በየዓመቱ በእጅ ነው የሚሞሉት።

የክሊኒክ አስተዳደር (ጠያቂ)፦
ደረቁን ድምፅ ሰጡኝ (ነበራቸው!)፣ በአራት ቆረጥኩት፣ አይቪአሩ ላይም መደብኩት። በሞባይሌ ስደውል ጥርት ብሎ ይሰማል። አንዲት ችግር ብቻ ቀረች፦ «ጤና ይስጥልኝ» የሚለው «...ስጥልኝ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ፋይሉ ላይ ግን ሙሉ ነው።

ኔትወርክ ሠራተኛ፦
ማዞሪያው ስልኩን አንስቶ መናገር ሲጀምር የድምፁ መንገድ ወደ ደዋዩ ገና ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም፤ የመጀመሪያዋ ቃል መንገድ ላይ ትቀራለች። በኦዳሲቲ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ አንድ ሴኮንድ ዝምታ ጨምሪና እንደገና ጫኚው። ለመጀመሪያው ፋይል ብቻ ነው የሚያስፈልገው፣ ሌሎቹ የሚሰሙት መስመሩ ከተከፈተ በኋላ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ከመክፈትሽ በፊት እያንዳንዱን ቁጥር ተጫኚና ወዴት እንደሚወስድ ፈትሺ። ኦሮምኛውን ደግሞ ቋንቋው የአፍ መፍቻው የሆነ ሰው በስልክ ይስማልሽ፤ ስቱዲዮው ያነበበው እናንተ የሰጣችሁትን ወረቀት ነው፣ ወረቀቱ ከተሳሳተ ድምፁም አብሮ ይሳሳታል።

የክሊኒክ አስተዳደር (ጠያቂ)፦
ዝምታዋን ጨመርኩ፣ «ጤና» ተመለሰች። ኦሮምኛውን ነርሳችን ሰማችልኝ፤ ቀጠሮ ለመያዝ 3ን ይጫኑ ይላል አለችኝ፣ አማርኛው ላይ 2 ነው። ወረቀቱን ሳየው ጥፋቱ የእኔው ነው፣ እኔ ነኝ እንደዚያ የጻፍኩት። እስከዚያው 3ንም ወደ ቀጠሮ ክፍል አዞርኩት፤ ሐሙስ ሄጄ ያችን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አስቀዳለሁ።