ቀስ ብለው ሲሄዱ የሚንዘፈዘፉ አሮጌ የናፍጣ መኪኖች፦ የጋራ የምርመራ አሠራር ረቂቅ

አስተባባሪ፦
ወንድሞችና እህቶች፣ ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ ከጥቂት ቀናት በላይ ሊዘገይ አይገባም። ጉዳዩ ሞተሩ ሞቆ ሳለ፣ በደቂቃ ከ1,200 እስከ 1,800 ዙር ባለው ውስጥ፣ ነዳጅ ቀለል ተደርጎ ሲረገጥ የሚንዘፈዘፉትን መኪኖች ይመለከታል። በእጄ ያለው ረቂቅ አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ «በውሃ ሙቀት ሴንሰሩ መስመር ላይ 470 ኦም ሬዚስተር (የኤሌትሪክ ፍሰትን የሚገታ ዕቃ) ይግባ፤ መንዘፍዘፉ ከጠፋ ችግሩ የታይሚንግ (ናፍጣው የሚረጭበት ሰዓት) ነው፤ ሬዚስተሩም እዚያው ይቀመጥ።» ከሰበታ፣ ከሱሉልታ፣ ከለገጣፎና ከገላን ያላችሁ አስተያየት ስጡበት።

የገላን መካኒክ፦
መጀመሪያ የትኛው መኪና እንደሚመለከተው ይጻፍ። ዶልፊን ባለ 2ኤል፣ 3ኤል ወይም ተራ 5ኤል ሞተር፣ ላንድክሩዘር ባለ 1ኤችዜድ፣ እነዚህ ናፍጣውን የሚለኩት በፖምፓው ውስጥ ባለው ሜካኒካል ገቨርነር ነው። የሙቀት ሴንሰር ሽቦ ቢቆረጥም ቢቀጠልም ለናፍጣው ለውጥ የለውም። በእነሱ ላይ ሬዚስተር የሚያስገባ ሰው የዳሽቦርዱን ጌጅ ነው የሚያበላሸው። አሠራሩ የሚያገለግለው እንደ ፕራዶ 1ኬዜድ-ቲኢ ያለ፣ ፖምፓው በኮምፒውተር ለሚታዘዝ ነው። ሴንሰሩም ይለይ፦ ባለ አንድ ሽቦው የጌጅ፣ ባለ ሁለት ሽቦው የኮምፒውተር ነው።

ኮመን ሬይል (ናፍጣን በጋራ ቧንቧ በከፍተኛ ግፊት የሚያድሉ) የሆኑት 1ኬዲና 2ኬዲ ሞተሮች ከዚህ ይውጡ፤ የራሳቸው ምርመራ አላቸው። በተለይ የሬይል ግፊት ሴንሰር ሽቦ ላይ ማንም ሬዚስተር እንዳይሞክር በግልጽ ይከልከል።

የለገጣፎ ኤሌትሪሺያን፦
ጋሼ፣ የአንቀጹ ሁለተኛ ግማሽ ስህተት ነው። ሬዚስተሩ የሚያደርገው ኮምፒውተሩን «ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው» ማሰኘት ነው። የቶዮታ ሴንሰር 20 ዲግሪ ላይ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ 80 ዲግሪ ላይ 300 ኦም አካባቢ ያነባል። በ300 ላይ 470 ሲጨመር 770 ይሆናል፤ ኮምፒውተሩ 50 ዲግሪ ገደማ መሰለው ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የናፍጣ መርጫውን ሰዓት ያስቀድማል፣ ኢጂአሩን (የተቃጠለ ጭስ ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን) ይዘጋል፣ ሚኒሞውን (ነዳጅ ሳይረገጥ ያለውን ዙር) ከፍ ያደርጋል፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ ከሆነ ደግሞ ሎክአፑ (ሞተሩንና ካምቢዮውን በቀጥታ የሚያያይዘው ክላች) እንዳይገባ ሊያደርግ ይችላል። አራት ነገር በአንድ ጊዜ ተቀይሮ «ታይሚንግ ነው» ማለት ግምት ነው፤ ምርመራ አይባልም።

ሶኬቱን ነቅሎ መሞከርም ይህን አይተካም። ኮምፒውተሩ መስመሩ መቋረጡን ሲያውቅ ኮድ 22 (የውሃ ሙቀት ሴንሰር ጥፋት) መዝግቦ የራሱን የተወሰነ ቁጥር ይይዛል። ይህ ከቀዝቃዛ ምልክት ጋር አንድ አይደለም።

የሱሉልታ ጋራዥ፦
ንግግሩ ልክ ነው፤ ግን ደንበኛው ኖዝል (የናፍጣ መርጫ) የሚያሠራበት ገንዘብ የለውም። 470 ገብቶለት በሰላም የሚሄድ መኪና አለ። እዚህ ከፍታችን ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ አዲስ አበባ ላይም ቢሆን የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል። በሳሳ አየር ላይ ኢጂአር ጭስ ሲጨምርበት ሞተሩ መታፈኑ አይቀርም። ሬዚስተሩ ኢጂአሩን ስለሚዘጋ ነው የሚጠቅመው።

የለገጣፎ ኤሌትሪሺያን፦
እንዲያ ከሆነ ኢጂአሩን ለብቻው ፈትነው፤ የቫኩም ጎማውን ነቅለህ ጫፉን በብሎን ድፈን፣ ከዚያ ንዳው። መንዘፍዘፉ ከቆመ መንስኤው የኢጂአሩ ጭስ ነው፤ ባልቮላው ይፈታ፣ ይጽዳ። ጎማው ተነቅሎም ካልቆመ ባልቮላው ክፍት እንደተጣበቀ ሊሆን ስለሚችል በቀጭን ላሜራ ደፍኖ ዳግም መሞከር ነው። ላሜራውም ለፈተና ብቻ ነው።

አውቶማቲክ ላይ ደግሞ ከሁሉ በፊት የፍሬን ሙከራ ይደረግ። መንዘፍዘፉ በጀመረበት ፍጥነት ነዳጁን ሳትለቅ ፍሬኑን የስቶፕ መብራቱ እስኪበራ ብቻ ንካ። ሎክአፑ ይለቃል፤ ዙሩ ትንሽ ከፍ ብሎ መንዘፍዘፉ ወዲያው ከጠፋ ጥፋቱ ኮንቨርተሩ (ሎክአፑን የያዘው ክፍል) ወይም የካምቢዮ ዘይቱ ዘንድ ነው። እንዲህ ባለው መኪና ላይ ሬዚስተር ትቶ ማለፍ አደገኛ ነው፤ ሎክአፕ ሳይገባ እንጦጦን የሚወጣ ካምቢዮ ዘይቱን ያግላል፣ ናፍጣም ይበላል።

የሰበታ ኤሌትሪሺያን፦
ሽቦ ላይ ከመጨመራችን በፊት ያለው ሽቦ ጤነኛ መሆኑ ይረጋገጥ። ከላቫጆ በኋላ የተጀመረ መንዘፍዘፍ ብዙ ጊዜ ሶኬት ውስጥ የገባ ውሃ ነው፤ አረንጓዴ ዝገት ይታያል። ሞተሩ እየሠራ ገመዱን ከማሰሪያ ማሰሪያ እየነቀነቁ ዙሩን ማዳመጥ። ከዚያ ቴስተሩን ሚሊ ቮልት ላይ አድርጎ ከባትሪ ኔጌቲቭ እስከ ሴንሰሩ ማሳ (የኔጌቲቭ መስመር) መለካት፤ ከ100 ሚሊ ቮልት ከበለጠ፣ ወይም የፊት መብራት ሲበራ ከዘለለ፣ የሞተርና የቦዲ ማሳ ተፈትቶ ይፋቅ።

የነዳጅ መስጫ ሴንሰሩ (ነዳጅ ምን ያህል እንደተረገጠ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው) እንዳይረሳ። ውስጡ የሚበላው የሹፌሩ እግር ሁልጊዜ የሚቆምበት ቦታ ላይ ነው፤ ያ ደግሞ ቀለል ተደርጎ የሚረገጥበት ቦታ ነው። ሞተር ጠፍቶ ቁልፍ በርቶ፣ ፔዳሉን በጣም ቀስ እያደረጉ ቮልቱን ማየት። ለዚህ ባለ መርፌው የድሮ ቴስተር ከዲጂታሉ ይሻላል፤ መርፌው ብልጭ ብሎ ሲወድቅ ይታያል፣ ዲጂታሉ ይዘለዋል።

ሴንሰር በፈላ ውሃ የምትለኩም ሰንጠረዡን በ100 ዲግሪ አትፈልጉ። እኛ ጋ ውሃ የሚፈላው 92 አካባቢ ነው። ቴርሞሜትር ይግባበት።

የገላን መካኒክ፦
አየርም አለ። ፖምፓው ናፍጣውን ስለሚስብ የላላ ጎማ ወደ ውጭ አያንጠባጥብም፤ አየር ነው የሚያስገባው። ከፊልትሮ እስከ ፖምፓ ግማሽ ሜትር ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ይተካና ይታይ። በሚንዘፈዘፍበት ዙር አረፋ ካለፈ ሽቦውን ተዉት። ካርዳኖ ክሮቸራና የሞተር ጎማ መቀመጫ ግን አንድ መስመር ይብቃቸው፦ ቆሞ፣ ማርሽ ሳይገባ፣ በዚያው ዙር የማይንዘፈዘፍ ከሆነ እነሱም ይታዩ።

የሱሉልታ ጋራዥ፦
እሺ፣ ቋሚነቱን ትቻለሁ። ሬዚስተሩ በፈተናነት ግን ይቆይ፤ ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ ታይሚንጉን ለመጠርጠር የሚያስችል ሌላ ርካሽ መንገድ የለንም። ስዊቹን ከሬዚስተሩ ጎን ለጎን እናስረው፤ ሲዘጋ መስመሩ እንደ ነበረው ይሆናል፣ ሲከፈት ሬዚስተሩ ይገባል። በተከታታይ ካሰራችሁት ስትከፍቱት መስመሩ ይቋረጥና ኮድ 22 ይመጣል። ስዊቹን የሚነካው አጠገብ የተቀመጠው ይሁን፤ ሹፌሩ መቼ እንደተቀየረ ካወቀ እግሩን ሳያስበው ይለውጣል።

አስተባባሪ፦
አንቀጹን እንዲህ አርሜዋለሁ፦ «ምርመራው በቅደም ተከተል ይሆናል፦ የፖምፓው ዓይነት፣ ኮድ ንባብ፣ ሶኬትና ማሳ፣ የነዳጅ መስጫ ሴንሰር፣ አየር፣ በአውቶማቲክ የፍሬን ሙከራ፣ ኢጂአር። ሁሉም ደህና ከሆኑ ብቻ ሬዚስተር በፈተና ገመድ ይገባል፤ በ220 ተጀምሮ ወደ 330 እና 470 ይኬዳል። ለውጥ ከታየ ታይሚንግና ኖዝል ወደሚያይ ፖምፓ ቤት ይላካል። የመኪናው ገመድ አይቆረጥም፤ ሬዚስተር ተትቶበት መኪና ከጋራዥ አይወጣም።»

የለገጣፎ ኤሌትሪሺያን፦
እስማማለሁ። አንድ ጨምርልን፦ ፖምፓው በሌላ የተቀየረ መኪና ከሆነ፣ ከፖምፓው ጋር የሚሄዱት ማስተካከያ ሬዚስተሮች የራሱ መሆናቸው ይጠየቅ። የሌላ ፖምፓ ከሆኑ ልኬቱ ይዛባል።

አስተባባሪ፦
ተጨምሯል። የፈተና ገመዱ አራት ይሠራል፣ ለእያንዳንዱ ጋራዥ አንድ። ለአንዱ የሚያስፈልገው፦ ከሶማሌ ተራ ከአሮጌ ገመድ የተቆረጠ ወንድና ሴት ሶኬት 15 ሳንቲ ሜትር ሽቦ የቀረለት፣ ሩብ ዋት ሬዚስተር ሦስት ዓይነት፣ አንድ ስዊች፣ እስከ ጋቢና የሚደርስ 2 ሜትር ባለ ሁለት ሽቦ ገመድ፣ ውፍረቱ 0.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር። መገጣጠሚያው በሊድ ይበየድ፣ በናስትሮ ብቻ አይጠቅለል። እህታችን ከሰበታ የመጀመሪያውን ሠርታ ትለካዋለች፤ ስዊቹ ተዘግቶ የገመዱ ንባብ ከ1 ኦም ካልበለጠ ሦስቱ በዚያው ልክ ይሠራሉ።