ጥቆማ፦ ካሽ ማሽንም ሲምም ከመግዛታችሁ በፊት ቢሮው የት የት እንዳለ ጠይቁ

ክፍለ ሀገር ሱቅ ለመክፈት የተዘጋጃችሁ ሦስት ሰዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቃችሁኝ። የትኛው ካሽ ማሽን (የሽያጭ ደረሰኝ ማውጫው) ይሻላል? መስመሩስ ኢትዮ ቴሌኮም ይሁን ሳፋሪኮም? አንድ ላይ ልመልስ።

እኔ ከዋጋም ከሞዴልም በፊት የማየው ኩባንያው ቢሮውን የት የት እንደከፈተ ነው። ብዛቱን አይደለም። አሥር ቢሮ ኖሮት አሥሩም ከቦሌ እስከ ሜክሲኮ ከሆኑ፣ ደሴ ላለ ሰው ያው አንድ ቢሮ ማለት ነው።

ይህን የተማርኩት በእህቴ ማሽን ነው። ደሴ ፒያሳ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ አላት። ማሽኑን የገዛሁላት እኔ ነኝ፣ እዚሁ መሃል አዲስ አበባ፣ ከቢሮዬ በእግር ከሚደረስ ቦታ። ብሮሹሩ በመላ አገሪቱ አገልግሎት እንሰጣለን ይላል፣ የደሴ ስልክም ተጽፎበታል። አመንኩ። በተገዛ በስምንተኛ ወሩ ማሽኑ ደረሰኝ ማውጣቱን ሳያቆም ወረቀቱ ነጭ ሆኖ መውጣት ጀመረ። ጽሑፍ የለበትም። እህቴ የደሴውን ቁጥር ስትደውል ያነሳው ልጅ የሞባይል ከቨርና ቻርጀር ነጋዴ ነው። ማሽን ሲያሻሽጥ ኮሚሽን ያገኛል፣ ከዚያ ውጪ የሚያውቀው ነገር የለም። በትሕትና ነው የመለሰላት፤ «እህቴ፣ ለጥገና አዲስ አበባ ነው የሚላከው» አላት።

እዚህ ላይ ማሽኑ እንደ ሌላ ዕቃ እንዳልሆነ ላስረዳ። ካሽ ማሽን የታሸገ ነው፤ ማኅተሙን መንካት የሚችለው ፈቃድ ያለው ቴክኒሻን ብቻ ነው። ሰፈር ያለ ጎበዝ የሬዲዮ ጠጋኝ ቢችልም አይከፍተውም። በገቢዎች የተመዘገበው ለዚያ ሱቅ ስለሆነ እንዲሁ አንስቶ መውሰድ አይቻልም፣ ሲበላሽም ማሳወቅ ግዴታ ነው። በየዓመቱም ምርመራ አለበት። ስለዚህ ማሽን ስትገዙ ዕቃ ብቻ አይደለም የምትገዙት፤ ከአንድ ቴክኒሻን ጋር ለዓመታት ትተሳሰራላችሁ። ያ ሰው የሚቀመጥበት ከተማ ነው ዋናው ነገር።

እህቴ ለገቢዎች አሳውቃ ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቀለለች፣ የእንዶሚ ካርቶን ውስጥ ከተተችና በአውቶቡስ ላከችልኝ። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማታ ስታዲየም አካባቢ ተቀበልኩ፣ ጠዋት ይዤ ሄድኩ። ቴክኒሻኑ ከፈተው፣ ወደ ማተሚያው ራስ የሚሄደውን ጠፍጣፋ ኬብል በጣቱ ጫን አደረገው፣ ሞከረው፣ ጽሑፉ ወጣ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። እህቴ ግን ስድስት ቀን በማንዋል ደረሰኝ ስትጽፍ ከረመች፣ ያውም መስከረም ላይ፣ ደብተር የሚሸጥበት ዋናው ወቅት። ያ ቴክኒሻን ደሴ ቢኖር ኖሮ ጠዋት ተበላሽቶ ከምሳ በፊት ይሠራ ነበር።

አሁን ወደ ሲሙ። ይኼም ከማሽኑ ጋር ይያያዛል፤ ምክንያቱም ማሽኑ ሽያጩን ለገቢዎች የሚልከው በውስጡ ባለ ሲም ነው። ሱቁ ያለበት ቦታ ኔትወርክ ከሌለ ማሽኑም አይልክም።

ኢትዮ ቴሌኮም ዋና መሥሪያ ቤቱ ቸርችል ጎዳና ነው። ብዙ ሰው ጉዳዩ ሁሉ እዚያ የሚያልቅ ይመስለዋል። አይደለም። ድርጅቱ አዲስ አበባን በዞን፣ ክፍለ ሀገሩን ደግሞ በሪጅን ከፋፍሎ ነው የሚሠራው። መቀሌ፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ ደሴ፣ ሰመራ፣ ድሬዳዋ፣ ጅግጅጋ፣ አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ወላይታ ሶዶ፣ ጅማ፣ ጋምቤላ፣ ነቀምት፣ አሶሳ ላይ የሪጅን ቢሮ አለ። የሱቃችሁን መስመርና ኢንተርኔት በሚመለከት መጀመሪያ የአካባቢያችሁን ሪጅን ጠይቁ፣ አዲስ አበባ ዘመድ አታስቸግሩ። ከሪጅኖቹ በታች በየከተማው የሽያጭ ማዕከል አለ። ፋይዳ መታወቂያም በሽያጭ ማዕከሎቹ ይመዘገባል፣ ያላወጣችሁ አንድ ጉዞ ቆጥቡ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን 994 ደውሉና የምትፈልጉት ነገር በዚያ ማዕከል እንደሚሠራ አረጋግጡ።

ሳፋሪኮምን የምወደው በአንድ ነገር ነው፣ ከአዲስ አበባ አልጀመረም። ነሐሴ 2014 የመጀመሪያውን አገልግሎት ድሬዳዋ ላይ ከፈተ፣ ከዚያ ሌሎች ከተሞችን አዳርሶ አዲስ አበባ የገባው መስከረም 26 ቀን 2015 ነው። በምኒልክ ዘመንም የመጀመሪያው የረጅም ርቀት የስልክ መስመር ከሐረር ወደ አዲስ አበባ ነበር የተዘረጋው፤ ስልክ ሁለት ጊዜ በምሥራቅ በር ገባ ማለት ነው፣ ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል። ግን ስርጭቱ ከከተማ ከተማ፣ አንዳንዴም ከሰፈር ሰፈር ይለያያል። ከተማዋ ዝርዝር ውስጥ አለች ብላችሁ አትግዙ። በ07 የሚጀምር ቁጥር ያለው ሰው ፈልጉና ስልኩን ሱቃችሁ ውስጥ፣ በር ዘግታችሁ፣ ማሽኑ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ሞክሩት። የደንበኞች መስመራቸው 700 ነው፤ ሱቅ ወይም ወኪል በከተማችሁ የት እንዳለ እዚያው ጠይቁ።

የእኔ ምርጫ ይኼ ነው። ከመሃል አዲስ አበባ ለማትወጡ ሁለቱንም ያዙ፣ ኢንተርኔቱን ቢሮና ቤታችሁ ውስጥ በተሻለው ተጠቀሙ። ክፍለ ሀገር ለሚከፍት ሰው ዋናው ቁጥር የኢትዮ ቴሌኮሙ 09 ይሁን፣ የሳፋሪኮሙ 07 በተጨማሪነት። ምክንያቴ ሲም ሲጠፋ ነው። ምትክ ሲም ለማውጣት ባለቤቱ መታወቂያውን ይዞ በአካል መቅረብ አለበት። ወረዳ ላይ ላለ አባታችሁ ቅርቡ ማዕከል የት እንደሆነ አስቡት። ለክፍያም እንደዚሁ፤ የኢትዮ ቴሌኮሙ ቴሌብር ከግንቦት 2013፣ የሳፋሪኮሙ ኤምፔሳ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ አሉ፣ እናንተ ግን የምትመርጡት ደንበኛችሁ የሚጠቀምበትንና ጥሬ ብር የሚሰጥ ወኪል ሱቃችሁ አጠገብ ያለውን ነው።

ላፕቶፕና ፕሪንተር ብዙም አያስጨንቁኝም። ማንም ጠጋኝ ይከፍታቸዋል። የቀለሙ ካርትሬጅ እዚያ ከተማ መሸጡን ብቻ አረጋግጡ።

ከመሃል ከተማ ለምትገዙ አንድ ማሳሰቢያ። በ2016 ፒያሳ፣ ቀጥሎም ካዛንቺስ ሲፈርስ ብዙ ሱቅና ቢሮ ቦታ ቀይሯል። የድሮ አድራሻ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ደውሉ።

የማሽን ሻጭ ጋ ስትገቡ «ቅርንጫፍ አላችሁ?» አትበሉ፣ ሁሉም አለን ይላል። የቴክኒሻኑን ስልክ ጠይቁና ሻጩ ፊት ደውሉለት። የት ከተማ እንደሚኖር፣ ማኅተም ለመክፈት ፈቃድ እንዳለው፣ መለዋወጫ እጁ ላይ እንዳለ ራሱ ይንገራችሁ። ከዚያ በዚያ ከተማ ማሽናቸውን የሚጠቀም አንድ ባለሱቅ ስም ጠይቁና ለእሱም ደውሉ።

እህቴ ሁለተኛውን ሱቅ ስትከፍት እንዲህ አደረግን። ከአራት ሻጮች ቴክኒሻን ያገናኘን አንዱ ብቻ ነው። ሰውየው የሚኖረው ኮምቦልቻ ነው፣ ከደሴ በሚኒባስ ይደረሳል። ዋጋው ከሌሎቹ ትንሽ ከበድ ይላል፣ ከፈልን። የዘንድሮውን ምርመራ ሱቅ ድረስ መጥቶ ጨርሶላት ሄደ።

አሰላ፣ አርባ ምንጭና መቱ ያላችሁ፣ ከተማችሁ ውስጥ የሚቀመጥ የካሽ ማሽን ቴክኒሻን ያለው የትኛው ድርጅት እንደሆነ ጻፉልኝ። ከሦስቱ ጠያቂዎች ሁለቱ ወደዚያ ነው የሚሄዱት።