ያኺሞቭን በአንድ ቀን ማየት፦ የታለር አገር የሆነች ትንሽ የቼክ ከተማ (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ የሳክሰኑ

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ጀርመን፣ ኬምኒትስ ከተማ ነው። ቅዳሜ ከድንበር ማዶ ያለችውን ያኺሞቭን (ጀርመኖቹ ዮአኪምስታል፣ ማለትም የኢያቄም ሸለቆ፣ የሚሏትን) አይተን በዕለቱ መመለስ እንፈልጋለን። አምስት ነን፦ እኔና ባለቤቴ፣ የ8 እና የ12 ዓመት ልጆቻችን፣ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን የመጡት አባቴ። እሳቸው ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ዳገት አይችሉም። መንገዱ በየት ይሻላል? ከከተማዋ የቱን እናስቀድም? ጠገራ ብር እዚያ ተመታ የሚባለውስ እውነት ነው? በመጨረሻ፣ ዩራኒየም ይወጣባት የነበረች ከተማ ናትና ለልጆች አያሰጋም ወይ?

መልስ፦ ባለካርታ

መንገዱ አንድ ነው። ቤ 95 የተባለውን የጀርመን መንገድ ይዛችሁ በአናበርግ በኩል እስከ ኦበርቪዘንታል ውጡ። ድንበሩን ስታልፉ ቦዢ ዳር ትደርሳላችሁ፤ ከዚያ በቼክ 25 ቁጥር መንገድ ቁልቁል ያኺሞቭ ናት። ርቀቱ 70 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ተራራ ስለሆነ ግን አንድ ሰዓት ከሩብ ያዙለት። በዚህ መስመር የቼክ የአውራ ጎዳና ክፍያ የሚጠየቅበት ቦታ የለም። ቼክ ውስጥ በቀንም የመኪና መብራት ማብራት ግዴታ ነው። ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 ደግሞ በረዶ ወይም አመዳይ ካለ ያለ ክረምት ጎማ መንዳት ያስቀጣል፤ ቦዢ ዳር ከ1,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ታች ኬምኒትስ ደረቅ ቢሆንም እዚያ በረዶ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

መኪና ለሌላችሁ፦ ባቡር ያኺሞቭ አይገባም። ቅርቡ ጣቢያ ኦስትሮቭ ነው። ከካርሎቪ ቫሪ ግን አውቶቡስ አለ፤ ከ20 ኪሎ ሜትር ብዙ አይበልጥም።

ስለ ወረቀት፦ የአባትህ የሼንገን ቪዛ ጀርመን የሰጠችው ቢሆንም፣ አንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ቢሆንም፣ ቼክ ያስገባል፤ ከሼንገን አልወጡማ። ፓስፖርታቸውን ግን በእጃቸው ይያዙ፤ ስትመለሱ የጀርመን ፖሊስ ድንበር ላይ ሊያስቆማችሁ ይችላል። እናንተም የመኖሪያ ፈቃዱን ካርድ ብቻ ሳይሆን ፓስፖርቱንም ያዙ። ይህን ለምታነቡ ሌሎችም፦ ጥገኝነት ጠይቃችሁ ውሳኔ እየጠበቃችሁ ከሆነ በዚያ ጊዜያዊ ወረቀት ድንበር አትሻገሩ።

አሁን ወደ ከተማዋ። ያኺሞቭ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ እንደ መቀነት የተዘረጋች ናት። ታችኛው ጫፍ የፍል ውሃ ሆቴሎቹ ሰፈር ነው፤ ላይኛው ጫፍ አደባባዩ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ የቅዱስ ኢያቄም ቤተ ክርስቲያንና የድሮው የገንዘብ መምቻ ቤት ያሉበት ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ረጅም ዋና ጎዳና ሙሉ በሙሉ ዳገት ነው። ብዙ ሰው ታች መኪናውን አቁሞ በእግሩ ሽቅብ ይወጣና አደባባዩ ሳይደርስ ይደክመዋል። እናንተ ከላይ ስለምትመጡ ዕድለኞች ናችሁ፤ አደባባዩ አካባቢ አቁሙ፣ የላይኛውን ጨርሱ፣ ከዚያ በመኪና ወደ ታች ውረዱ። አባትህ አደባባዩ ላይ ብዙ ሳይራመዱ ዋና ዋናውን ያያሉ።

አንድ ነገር ቀድሞ ይታወቅ፦ ካርሎቪ ቫሪን የመሰለ የተሽሞነሞነ ከተማ አትጠብቁ። በጎዳናው ላይ መስኮታቸው የተደፈነ፣ ልስናቸው የረገፈ ቤቶች ታያላችሁ። ጀርመንኛ ተናጋሪው ነዋሪ ከ1945 በኋላ ተባረረ፤ ተከትሎ የዩራኒየሙ ዘመን መጣና አካባቢው ተዘጋ፤ ቤቶቹ ባለቤት አጡ።

መልስ፦ ሳንቲም ሰብሳቢ

የጠገራውን ጥያቄ እኔ ልውሰደው። (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።) ጠገራ ብር፣ ማለትም የማሪያ ቴሬዛ ታለር፣ ያኺሞቭ አልተመታም። ያኺሞቭ የነበረው መምቻ ቤት በ1671 ተዘግቷል፤ ማሪያ ቴሬዛ የተወለደችው በ1717 ነው። እውነቱ ይህ ነው፦ «ታለር» የሚባለው የገንዘብ ዓይነት ስሙን ያገኘው ከዚህች ከተማ የጀርመንኛ ስም (ዮአኪምስታል) ነው፣ ዶላርም ከዚያው ይመዘዛል።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። የብር ማዕድኑ በ1512 አካባቢ ተገኘ፤ ከተማዋ በ1516 ተቆረቆረች። ባለርስቱ ሽጢፋን ሽሊክ የሚባል መስፍን ነበር። ከመሬት የሚወጣውን ብር ጥፍጥፉን ከመሸጥ በገንዘብ መልክ መትቶ ማውጣት የበለጠ ትርፍ ነበረው፤ የቦሔሚያ (የዛሬዋ ቼክ ምዕራባዊ ክፍል) መሳፍንት ጉባኤ በ1520 ፈቃዱን አጸደቀለት። ትልቅ የብር ገንዘብ ሽሊክ የፈጠረው አይደለም፤ ቲሮል (ኦስትሪያ) ውስጥ በ1486 ተመትቶ ነበር። ግን የቲሮሉ ጥቂት ነበር፤ የያኺሞቩ በብዛት ወጥቶ በጀርመን ገበያዎች ሁሉ ተሰራጨ፣ ስሙም በዚያው ጸና። ንጉሥ ፈርዲናንድ ጥቅሙን ሲያይ በ1528 የመምታቱን መብት ከሽሊኮች ነጠቀ። በ1530ዎቹ የከተማዋ ሕዝብ ወደ 18,000 ደርሶ በቦሔሚያ ከፕራግ ቀጥላ ሁለተኛ ሆና ነበር። ዛሬ ሦስት ሺህ እንኳ አትሞላም።

አባትህ ደስ የሚላቸው ይህ ይመስለኛል፦ በመጀመሪያዎቹ ታለሮች ፊት ላይ የቆመው የድንግል ማርያም አባት ቅዱስ ኢያቄም ነው፤ እግሩ ሥር የሽሊኮች ጋሻ አለ። ጀርባው የቦሔሚያ አንበሳ ነው፣ ሁለት ጭራ ያለው፣ ዙሪያውን የንጉሥ ሉድቪግ ስም። ስትመጡ የምታቋርጧት አናበርግ ደግሞ የቅድስት ሐና ተራራ ናት። የኢያቄም ሸለቆና የሐና ተራራ በአንድ መንገድ ላይ!

መምቻ ቤቱ በ1530ዎቹ የተሠራው ሕንፃ ነው፤ አሁን ሙዚየም ሆኗል። መጀመሪያ የምትገቡት እዚያ ይሁን። ቅዳሜ መሆኑ ጥሩ ነው፤ ሰኞ አትሞክሩት። የሚከፈትበት ሰዓት እንደ ወቅቱ ስለሚለያይ ከመነሣታችሁ በፊት ድረ ገጹን እዩ።

የሳክሰኑ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ልጨምር፦ ከአያቴ የቀረ አንድ ጠገራ ብር ቤት አለን፤ 1780 ይላል። ትክክለኛ መሆኑን ቤት ውስጥ እንዴት አረጋግጣለሁ?

ሳንቲም ሰብሳቢ

1780 ስላለ ዕድሜው ያን ያህል ነው ማለት አይደለም። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያ ዓመት ስለሆነ ከዚያ ወዲህ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይይዛል፤ ቪየና ብቻ ሳትሆን ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ቦምቤይም መትተውታል። የጣሊያኑ በ1935 የተጀመረው በቀጥታ ለኢትዮጵያው ወረራ ተብሎ ነው።

መጀመሪያ መዝነው። ትክክለኛው ክብደት 28.07 ግራም ነው፤ ብዙ እጅ የነካው ትንሽ ሊቀንስ ይችላል። ከ27.5 በታች ከሆነ ወይም ከ28.2 ከበለጠ ተጠራጠር። የወርድ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ማግኔት ፈጽሞ መሳብ የለበትም።

ቀጥሎ የውሃ ፈተና። እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን ላይ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ አስቀምጠህ ወደ ዜሮ መልሰው። ጠገራውን በቀጭን ክር አንጠልጥለህ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አስገባ፤ ታችኛውንም ጎኑንም እንዳይነካ። ሚዛኑ 2.75 ግራም አካባቢ ማንበብ አለበት። ጠገራው ከ1,000 እጅ 833ቱ ብር፣ የቀረው መዳብ ስለሆነ ጥግግቱ 10.2 ያህል ነው፤ 28.07ን ለዚያ ብታካፍል ይህንኑ ታገኛለህ። 3 ተኩል ወይም 4 ካሳየህ የረከሰ ብረት ነው። አረፋ ከተለጠፈበት ቁጥሩ ከፍ ስለሚል ነቅነቅ አድርገህ ድገመው።

በመጨረሻ ጠርዙን እይ። በጠርዙ ዙሪያ «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ» የሚል የላቲን ጽሑፍ ጎላ ብሎ በጌጥ መሀል ይታያል። ቀልጦ በቅርጽ የተጣለ ሐሰተኛ ሲሆን ይህ ጽሑፍ ይደበዝዛል፣ ወይም በጠርዙ መሀል የመገጣጠሚያ መስመር ይኖረዋል። አንገት ላይ ይንጠለጠል ከነበረ የማንጠልጠያ ጆሮው ብየዳ ክብደቱን ይለውጣል፤ ያ ሐሰተኛ አያሰኘውም። በምንም ዓይነት አትወልውለው።

መልስ፦ የድንጋይ ሐኪም

ስለ ጨረሩ። አንድ ቀን ጎዳና ላይ መራመድ፣ ሙዚየም መግባት፣ ምሳ መብላት ለልጅም ለአዋቂም የሚያሰጋ ነገር የለውም። እዚህ አገር ያለው ጉዳይ ራዶን የሚባል ጋዝ ነው፤ ከዩራኒየም ዘር ከሆነው ራዲየም ይወለዳል። ጉዳቱ በተዘጋ ቦታ ተጠራቅሞ ለዓመታት ሲተነፈስ በሳንባ ላይ የሚመጣ ነው፤ የድሮ የማዕድን ሠራተኞችን የፈጀው ይኸው ነው። የግማሽ ዕድሜው 3.8 ቀን ብቻ ስለሆነ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ አይከማችም።

መጠንቀቅ ያለባችሁ ሌላ ነው። በማዕድን ጉድጓዶቹ ዙሪያ የተቆለለው ጥራጊ ድንጋይ ላይ ልጆች አይውጡ፣ ጥቁርና ከባድ ድንጋይ ለማስታወሻ ብለው ኪሳቸው አይክተቱ። ፒችብሌንድ የሚባለው ዩራኒየም ያለበት ማዕድን ጥቁር ነው፣ አዲስ ቅጥራን የፈሰሰበት ይመስላል፣ ከመጠኑ በላይ ይከብዳል። አቧራው ነው የሚጎዳው፤ ዩራኒየም ያለበትን ድንጋይ ድንበር ማሻገርም ከሕግ ጋር ያጋጫል።

ማሪና ፒየር ኪዩሪ በ1898 ራዲየምን ያገኙት ከዚሁ ማዕድን ነው። ከተማዋ ውስጥ ከዩራኒየሙ ቢጫና ብርቱካናማ የመስታወት ቀለም የሚሠራ ፋብሪካ ነበር፤ ቀለሙ ከወጣለት በኋላ የሚጣለውን ዝቃጭ ነበር በቶን ወደ ፓሪስ ያስጫኑት። ማሪ ኪዩሪ ራሷ በ1925 ከተማዋን ጎብኝታለች።

ስቮርኖስት የሚባለው የማዕድን ጉድጓድ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ነው፤ ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ እስከ ዛሬ ይሠራል። የሚወጣው ግን ብር አይደለም፣ ከ500 ሜትር ግድም ጥልቀት የሚቀዳ ራዶን ያለው ሙቅ ውሃ ነው። በቧንቧ ወደ ታችኞቹ ሆቴሎች ይወርዳል። የውሃው ሕክምና በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ነው፦ በአንድ ጊዜ 20 ደቂቃ ያህል መነከር፣ ለሳምንታት። ለአባትህ ጉልበት ብላችሁ በአንድ ቀን ጉብኝት አትሞክሩት፤ ለልጆችና ለነፍሰ ጡር ደግሞ አይሰጥም። ራዲየም ፓላስ የተባለውን የ1912 ሆቴል ግን ከውጭ እዩት።

ልጆቹ ዋሻ መግባት ካማራቸው «ሽቶላ ቁጥር 1» የሚባል ለጎብኚ የተከፈተ መግቢያ አለ። በሞቃቱ ወራት ነው የሚከፈተው። ውስጡ በበጋም ቀዝቃዛ ነው፤ ሹራብና የማያንሸራትት ጫማ ያስፈልጋል።

መልስ፦ ታሪክ ፈላጊ

ማንም ያላነሳው አለ። ከ1949 እስከ 1961 በከተማዋ ዙሪያ የእስረኞች ካምፖች ነበሩ። የኮሚኒስቱ መንግሥት የፖለቲካ እስረኞቹን ለሶቪየት ኅብረት የሚላክ ዩራኒየም አስቆፍሯቸዋል። «የያኺሞቭ ሲኦል» የሚባለው የእግር መንገድ በካምፖቹ ቦታ ያልፋል፤ ከስቮርኖስት ካምፕ ወደ ማዕድኑ የሚወርደው የደረጃ መንገድም እዚያ አለ። ኦስትሮቭ አጠገብ ቪክማኖቭ ላይ «ቀይ የሞት ማማ» የሚባል ባለ ቀይ ጡብ ሕንፃ አለ። እስረኞች ማዕድኑን ያለ መከላከያ እየፈጩ በበርሜል የሚሞሉበት ነበር። በ2019 ከያኺሞቭ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ውስጡን ማየት ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ታሪኩን ሳታዩ መመለስ ግማሹን መተው ነው።

ባለካርታ

በታሪኩ እስማማለሁ፣ ለቅዳሜው ግን አይሆንም። የእግር መንገዱ ኪሎ ሜትሮች የሚፈጅ ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ ለአባትየው የማይሞከር፣ ለ8 ዓመቱ ልጅም አሰልቺ ነው። ማማውን በመኪና ደርሰው ከውጭ ይዩት፤ ከያኺሞቭ ቁልቁል ሩቅ አይደለም። የ12 ዓመቱ ከጠየቀ ይንገሩት።

ሰዓቱ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ ጠዋት 4 ሰዓት መምቻ ቤቱ፣ ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያኑ። ቤተ ክርስቲያኑ በ1534 እና 1540 መካከል የተሠራ ነው፤ በ1873 ከተማዋ ስትቃጠል የታላቁ ሠዓሊ ክራናህ የመሠዊያ ሥዕል አብሮ ጠፋ፤ አሁን የሚታየው ውስጠኛው ክፍል ከቃጠሎው በኋላ የታደሰ ነው። ምሳ ታች የሆቴሎቹ ሰፈር ብሉ፤ ላይኛው አደባባይ ምርጫው ጥቂት ነው። ከሰዓት ሰማዩ ጥርት ካለ ክሊኖቬትስ ተራራ (1,244 ሜትር) በመኪናም በወንበር ገመድም ይወጣል፤ አባትህ አንድ እርምጃ ዳገት ሳይረግጡ ጫፉ ላይ ይቆማሉ። ጭጋግ ካለ ገንዘባችሁን አታባክኑ፣ ምንም አይታይም። ትንሽ የቼክ ኮሩና በጥሬው ያዙ፤ ማቆሚያና መጸዳጃ ቤት ላይ ካርድ አልቀበልም የሚል ማሽን አይጠፋም።

የሳክሰኑ

ከልብ አመሰግናለሁ። ሚዛኑን ዛሬውኑ እገዛለሁ። የ25 ቁጥሩ መንገድ ለሚያስታውክ ልጅ እንዴት ነው?

ባለካርታ

ከቦዢ ዳር በኋላ ጠመዝማዛ ነው። ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡት አባትህ ከሆኑ ትንሹን መሀል አስቀምጡት፣ ስልክ አይስጡት፣ ቁርሱን ቀለል አድርጉለት፣ ቦዢ ዳር ላይ ወርዶ አየር ይውሰድ።