«ዓደን» እና «ኤደን» አንድ ናቸው?

«የኤደን ባሕረ ሰላጤ የምንለው የገነቷን ኤደን ነው ወይ?» ብሎ ለጠየቀው ወንድማችን፣ አጭሩ መልስ አይደለም ነው። ረጅሙ ግን ደስ ስለሚል ትንሽ ልዘርጋው። እኔም ልጅ ሆኜ ካርታ ላይ ስሙን ሳነብ መርከቦቹ በገነት ደጃፍ የሚያልፉ ይመስለኝ ነበር።

ችግሩ ያለው አጻጻፋችን ላይ ነው። ባሕረ ሰላጤው የተጠራው በየመኗ የወደብ ከተማ ስም ነው። ዓረቦች ከተማዋን የሚጠሯት በዓይኑ «ዐ» ነው፣ ከጉሮሮ፣ «ዐደን» ብለው። እንግሊዞች በላቲን ፊደል ከጻፏት በኋላ የመጀመሪያውን ፊደል «ኤ» እያሉ አነበቡት። እኛም ከእነሱ አፍ ተቀብለን «ኤደን» አልን። የገነቷንም ኤደን ስለምንል ሁለቱ ተቀላቀሉ። በእንግሊዝኛው እንኳ አይገናኙም፤ የገነቷን «ኢደን» ነው የሚሏት። «አደን» ብለው የሚጽፉም አሉ። ለድምፁ ይሄ ይሻላል፣ ግን «ነጋዴው አደን ሄደ» ሲባል አንባቢ አውሬ ሊያድን የሄደ ይመስለዋል። ስለዚህ እኔ «ዓደን» እጽፋለሁ። ዓይኑ «ዓ» በአማርኛ ድምፁን ቢያጣም እዚህ ጋ ሥራ አለው።

አሁን ወደ ትርጉሙ። በዓረብኛ «ዐደነ» ማለት አንድ ቦታ ላይ ተቀመጠ፣ ረጋ፣ ሰነበተ ማለት ነው። የከተማዋንም ስም ከዚሁ ግሥ የሚያወጡት ብዙ ናቸው። እና እዚህ ጋ እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ነገር አለ። «ማዕድን» የምንለው ቃል ከዓረብኛው «መዕዲን» የተዋስነው ነው፣ የዚሁ ግሥ ልጅ። ነገሩ ረግቶ የሚገኝበት ቦታ እንደማለት። ዕ'ዋን እስከዛሬ ይዘናታል! ታዲያ ከ«ማዕድ» ጋር እንዳታምታቱት። የምንበላበት ማዕድ በግዕዝ «ማእድ» ነው፣ በአልፋው «እ»፣ ሌላ ሥር ነው። የቁርኣን አምስተኛ ምዕራፍ ስም የሆነውን «ማኢዳ»ን ደግሞ ብዙ የሴም ቋንቋ ሊቃውንት ከግዕዝ የሄደ ነው ይላሉ። ማዕድን ሰጥተውን ማዕድ ወስደዋል ማለት ነው።

የገነቷ ስምስ? በዕብራይስጥም በዓይን ነው የሚጀምረው፣ ፊደሎቹም ያው ዐ፣ ደ፣ ነ ናቸው። ሰው የሚሳሳተው ያለምክንያት አይደለም። ትርጉሙ ግን ወደ ድሎትና ተድላ ያደላል። በ1979 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሰሜን ሶርያ ውስጥ በአራማይክና በአካድኛ የተጻፈበት ሐውልት ተገኝቶ ነበር፤ እዚያ ላይ ይሄው ሥር የዝናብን አምላክ «አገርን ሁሉ የሚያለመልም» ብሎ ለማወደስ ገብቷል። ዓረብኛ ራሱ ሁለቱን በአናባቢ ይለያቸዋል፦ ጀነቷ «ዐድን»፣ ከተማዋ «ዐደን»። ሕዝቅኤል 27 ላይ ከካራን ጋር የተጠቀሰችውን «ኤደን» ይቺ ወደብ ናት የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበለውም። ካራን ያለችው በላይኛው ኤፍራጥስ በኩል ነው፣ እዚያው አካባቢ ደግሞ ቤት ኤደን የሚባል ግዛት ነበር።

የግዕዙን «ኤዶም»ም ላንሳ። የእኛ መጽሐፍ ገነትን «ኤዶም» የሚላት ከግሪኩ ትርጉም ስለመጣ ነው፤ ግሪኩ በ«ም» ነው የሚጨርሰው፣ «ኤዴም» ብሎ። ልጃችሁን ኤዶም ያላችሁ፣ ስሟ ገነት ማለት ነው። ከኤሳው አገር ከኤዶምያስ ጋር የሚያዛምዳት ካለ አትስሙት።

ወደቧን ላወቀ ሰው «መሰንበቻ» የሚለው ትርጉም ይገጥማል። በጠፋ እሳተ ገሞራ የተከበበች ልሳነ ምድር ናት፣ ነፋስ የማይደርስበት ወደብ ያላት። አሮጌው ሰፈር በተራራው አፍ ውስጥ ስለተቆረቆረ ዛሬም ድረስ በእንግሊዝኛው ስም «ክሬተር» ይባላል። የጥንት መርከበኛ ነፋሱ አቅጣጫ እስኪቀይር ወራት መጠበቅ ነበረበት። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መመሪያ፣ መርከቦች ከግብፅ በቀጥታ ወደ ሕንድ መሄድ ሳይጀምሩ በፊት የሁለቱ አገር ዕቃ እዚህ ይገናኝ እንደነበር ይናገራል። ስሟን ግን «ኤውዳይሞን አራቢያ» ይላታል፣ የታደለችው ዓረቢያ።

እንግሊዞች በጥር 1839 ያዟት። የእንፋሎት መርከቦች ከሰል የሚሞሉባት ሆነች፤ የስዊዝ ቦይ በ1869 ሲከፈት ደግሞ ሥራዋ ይበልጥ ደራ። የሐረር ቡናና ቆዳም በዘይላ በኩል ወደ እሷ ይሻገር ነበር፤ ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ በ1880 ሐረር የገባው ዓደን በተቀጠረበት የቡና ንግድ ቤት ተልኮ ነው። ከኅዳር 1967 እስከ 1990 የደቡብ የመን ዋና ከተማ ነበረች። የደርግን ዘመን የምታስታውሱ በ1981 ኢትዮጵያ፣ ሊቢያና ደቡብ የመን እዚያ የተፈራረሙትን የሦስትዮሽ ውል አትረሱትም። ከ2015 ወዲህ ደግሞ የየመን ጊዜያዊ ዋና ከተማ ትባላለች።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ሐረር ወይ ድሬዳዋ ያደጋችሁ አባላት፣ አያቶቻችሁ ከተማዋን ሲጠሯት «ዓደን» ነበር የሚሉት ወይስ «ኤደን»? ከእንግሊዝኛው በፊት የነበረው አጠራር ከእነሱ አፍ ላይ ይኖራል ብዬ አስባለሁ።